የማሳዎቻችን ስም ካርታው ላይ ይግባ

አባቶችና እናቶች፣ የመንዝ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ!

የተጋበዝኩት ስለ መንገዱና ስለ ውኃው እንድናገር ነው። ይደረስበታል። መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፤ የማሳዎቻችን ስም እየጠፋ ነው።

የመንዝን አገሮች ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ስንል ሰው ነው የምንጠራው። አገሩን ያቀኑት አባቶች ናቸው ተብሎ ነው የተነገረን። ርስት የሚጠይቅ ሰውም ዘሩን እስከ አቅኚ አባቱ ቆጥሮ ነበር የሚሟገተው። ማሳዎቹም እንዲሁ ናቸው። «ጭንጫው» ከተባለ ድንጋያም መሆኑን ሳታየው ታውቃለህ። «ጦም አዳሪ» ሳይታረስ እያረፈ የሚከርም ነው። «የቄሰ ገበዙ» ቤተ ክርስቲያን ለሚያገለግል የተሰጠ ነበር። «ኮሶው ሥር» የሚባለው ላይ ዛሬ ኮሶ የለም፣ ግን እንደነበረ የሚመሰክር ሌላ ምን አለን?

እኛ መንደር ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣሉ። ሁለቱም ካርታ ይዘው መጡ፣ ሁለቱም ቁጥር ያነባሉ፣ ሽማግሌዎቹ ግን የትኛው ቁጥር የትኛው መሬት እንደሆነ መለየት አቃታቸው። ቀኑ መሸ፣ ነገሩ ከረረ፣ አንደኛው ዱላውን አነሳ። በማግስቱ አክስቴ ተጠሩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በልጅ ተደግፈው ነው የመጡት። ከላይ ከአውድማው ጀምረው «ይሄ ጭንጫው ነው፣ ቀጥሎ ጦም አዳሪ፣ ከቦዩ ወዲያ የቄሰ ገበዙ» እያሉ እስከ ወንዙ ወረዱ። የሁለቱም አያቶች የት የት ያርሱ እንደነበር ጨምረው ተናገሩ። ጠበኞቹ ዝም አሉ፤ ድንጋዩም እዚያው ተተከለ። እሳቸው ባይኖሩስ?

በ1967 የመሬት አዋጁ መጣ፣ ባለመሬቱ ተለወጠ፣ ስሙ ቀረ። በ1989 በክልሉ ድልደላ ተደረገ፣ ማሳው ተቆራረጠ፣ ስሙ አሁንም ቀረ። ዛሬ አባቴ በእጃቸው ያለው ካርታ ላይ ግን ቁጥር ብቻ ነው ያለው። የመሬት ይዞታ ደብተሩን አልነቅፍም። ሚስት ከባሏ እኩል ስሟ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቶቻችን ይገባቸዋል! ታዲያ የሰው ስም የገባበት ላይ የመሬቱን ስም ለመጻፍ አንድ መስመር ጠፋ? ፍርድ ቤት እንኳ እስከ ዛሬ «ልዩ ስሙ እንዲህ ከተባለው ቦታ» ብሎ ይጽፋል። ፍርድ ቤት የሚያውቀውን ስም ካርታው ለምን አያውቀውም? አያቶቻችን በበሬና በላብ ያወጡትን ስም ማን ነው እንዲሰርዝ የተፈቀደለት?

ለፋሲካ አገር ቤት የምትገቡ ልጆች፣ ስልካችሁን አውጡና አያቶቻችሁን ቅረጹ። ስሙን፣ ለምን እንደተባለ፣ ከማን እንደሚዋሰን ጠይቁ። ለወረዳው የምናስገባው ማመልከቻ በር ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሳትፈርሙ እንዳትወጡ።

የመንገዱንና የውኃውን ጉዳይ ኮሚቴው ያቀርብላችኋል። አመሰግናለሁ።