መተርተርን አትፍሩ፦ በቱሉ ዲምቱ ለዳንቴል ሠሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አደራችሁ እናቶቻችን፣ እህቶቻችን፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወንድሞቻችንም። የቅዳሜ ጠዋት የልብስ አጠባ ጊዜ መሆኑን እናውቃለን፤ ውሃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ ትታችሁ ወደ ኮሙናሉ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን።

ዳንቴልም ኪሮሽም ከፈረንሳይኛ ወደ ቤታችን የገቡ ቃላት ናቸው፤ ኪሮሽ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ሥራውም ከስሙ አይርቅም፦ አንድ መንጠቆ፣ አንድ ክር፣ አንድ ክፍት ቀለበት። ብዙዎቻችሁ ሶፋ አልብሳችኋል፣ ለረከቦት ሠርታችኋል። ግን «ጀምሬ ተውኩት፣ ተጣመመብኝ» የሚልም በመካከላችን ሞልቷል። ሰው ዳንቴልን የሚሸሸው ሥራው ሲጣመምበት ምክንያቱ ስለሚጠፋው ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱ ከታወቀ ተርትሮ መቀጠል ቀላል ነው። ካልታወቀ ግን ሥራው በፌስታል ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል።

በመጀመሪያ በስም እንግባባ። እያንዳንዳችን ከእናታችን ወይም ከጎረቤት የተማርነው ስም ስላለን አጠራራችን ይለያያል። ለዛሬ ሰንሰለት ስንል ክሩን በክፍቱ ቀለበት ውስጥ እየሳብን የምንሠራውን፣ ሥራ የምንነሣበትን ነው። ኪሮሹን አስገብተን ክሩን ስበን ሁለቱን ቀለበት በአንድ ጊዜ የምናወጣውን አጭር ቋሚ እንበለው። ክሩን መጀመሪያ አንድ ጊዜ ጠምጥመን፣ አስገብተን ስበን፣ ሁለት ሁለት እያደረግን የምናወጣውን ደግሞ ረጅም ቋሚ።

እስቲ ኪሮሻችሁን አንሡና ከቅርብ እዩት። ጫፉ ላይ ጥርሱ አለ። ከጥርሱ በታች ቀጠን ያለ አንገት አለ። ከአንገቱ ቀጥሎ ወፍራሙ፣ እኩል የሚሄደው ግንዱ ነው። 1.25 ወይም 1.50 ተብሎ የተጻፈበት ካላችሁ ቁጥሩ የዚህ ግንድ ውፍረት ነው፣ በሚሊሜትር። ለቀጭን የጥጥ ክር ከ1 እስከ 1.75፣ ለወፈር ያለ የሹራብ ክር ከ3.5 እስከ 5 ይሆናል። አሁን ዋናው ነገር፦ ቀለበቱ መጠኑን የሚያገኘው ግንዱ ላይ ሲያርፍ ነው። ብዙ ሰው አንገቱ ላይ እንዳለ አጥብቆ ይቀጥላል። አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ቀለበቱ ይጠባል፣ ቀጣዩ ዙር ሲመጣ ኪሮሹ አልገባም ይላል፣ ክሩ ይሰነጠቃል፣ አውራ ጣት ይታመማል። «እጄ ጠንካራ ነው» የሚባለው አብዛኛው ይኸው ነው። ከእያንዳንዱ ስበት በኋላ ቀለበቱን ወደ ግንዱ ገፋ አድርጉት፤ በሁለት ቀን እጃችሁ ይለምደዋል።

ክሩን የያዘው እጅም ድርሻ አለው። ክሩን ትንሿ ጣት ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሙና በሌባ ጣት ላይ አሳልፉት። ልቃቂቱ እየተንከባለለ እንዳይጎትት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጡት። ልቃቂቱ በተጎተተ ቁጥር አንዱ ቋሚ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ይወጣል።

ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሥራ ለምን እየጠበበ ይመጣል? መልሱ ዳርና ዳሩ ላይ ነው። በረጅም ቋሚ ስንሠራ ረድፉን የምንጀምረው በሦስት ሰንሰለት ነው፤ እነዚያ ሦስቱ እንደ አንድ ቋሚ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ቀጣዩ ቋሚ የሚገባው ከሰንሰለቱ እግር ሥር ሳይሆን ከአጠገቡ ባለው ነው። እግሩ ሥር ከገባ አንድ ይጨምራል። የረድፉ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያለፈው ረድፍ ሦስተኛ ሰንሰለት አናት ላይ አንድ ቋሚ መግባት አለበት፤ ዘንበል ስለሚል ከዓይን ይሰወራል፣ ሰው ይዘለዋል። በ40 ቋሚ የጀመረ ሰው በየረድፉ አንድ ቢዘል ከ20 ረድፍ በኋላ 20 ብቻ ይቀሩታል። ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር ሦስተኛው ሰንሰለት ላይ አንጠልጥሉ፤ ተመልሳችሁ ስትመጡ ያስታውሳችኋል። መነሻው ሰንሰለት ከጠበቀና ሥራው ከታች ከተኮማተረ፣ ሰንሰለቱን ብቻ በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ኪሮሽ ሥሩ። ሲቆጠር ደግሞ 90 ረጅም ቋሚ ለሚፈልግ ሥራ 92 ሰንሰለት ጀምሩና የመጀመሪያውን ቋሚ ከኪሮሹ አራተኛው ላይ አስገቡ።

ክቡ ላይ ግን ረዘም አድርገን እንቆይ፣ ከሁሉም በላይ የሚያማርረው እሱ ነውና። እንጀራ የሚጋግር ሰው እንደሚያውቀው ምጣዱ በሰፋ ቁጥር ዙሪያውም ይረዝማል፤ ዙሪያው ከስፋቱ ሦስት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ዳንቴል ላይ አንድ ዙር ስትጨምሩ ስፋቱ በግራም በቀኝም በአንድ ቋሚ ቁመት ያድጋል። ስለዚህ ዙሪያው ከስድስት ቁመት ትንሽ በሚበልጥ መርዘም አለበት። አጭር ቋሚ ቁመቱና ስፋቱ ስለሚቀራረቡ በየዙሩ 6 ጭማሪ፣ ማለትም በስድስት ቦታ በአንዱ ቋሚ አናት ላይ ሁለት ማስገባት፣ ይበቃዋል። ረጅሙ ቋሚ ቁመቱ የስፋቱን እጥፍ ያህል ስለሆነ 12 ይፈልጋል፦ መጀመሪያ 12፣ ከዚያ 24፣ ከዚያ 36፣ ከዚያ 48። ከዚህ ካነሰ ጠርዙ ተነሥቶ ሳህን ይመስላል። ከበዛ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይሸበሸባል። ቋሚውን አሳጥሮ የሚሠራ እጅ ካላችሁ 12 ሊበዛባችሁ ይችላል፤ 11 ሞክሩ። እጃችሁ አስረዝሞ የሚስብ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው። ጭማሪውን በየዙሩ አንዱን ከሌላው በላይ ከደረደራችሁት ክቡ ማዕዘን ያወጣል፣ ስለዚህ ቦታውን ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት።

እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ በእጃችሁ ሳትጫኑት እዩት። «ሲታጠብ ይስተካከላል» አትበሉ። ጥቂት ሽብሽብ በውሃ ይስተካከላል፣ ሳህን የሆነው ግን አይዘረጋም። ተርትሩት። ዳንቴል ላይ ክፍት የሆነው ቀለበት አንድ ብቻ ስለሆነ ከሹራብ ይልቅ ለመተርተር ይመቻል፤ ስህተቱ ድረስ ስባችሁ ክሩን መልሳችሁ ልቃቂቱ ላይ ትጠመጥማላችሁ። የሁለተኛው ዙር ስህተት በሁለተኛው ዙር ሲታይ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ በአሥራ አምስተኛው ዙር ሲታይ ግን የሳምንት። የሥራውን ደስታ የሚበላው ይህ መዘግየት ነው።

ክር ስትገዙም እንዲሁ አስቡ። ከዚህ መርካቶ ለአንድ ልቃቂት ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ ያደክማል፤ በዚያ ላይ የልቃቂቱ ወረቀት ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር ካልተመሳሰለ ነጭ እንኳን ከነጭ ይለያል። ቀጥ ያለ ሥራ ከሆነ የመጀመሪያው ልቃቂት ሲያልቅ ረድፉን ቁጠሩ፦ 70 ረድፍ ለሚፈልግ ሥራ 14 ረድፍ ከወጣው በጠቅላላው አምስት ልቃቂት ያስፈልጋችኋል። ክብ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ከስፋቱ ግማሽ ላይ ስትደርሱ የሠራችሁት ሩቡን ብቻ ነው። እስከዚያ አንድ ልቃቂት ከፈጀ ገና ሦስት ይቀራችኋል። ዘርፉን አስቡና ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ያዙ።

አዲስ ክር ሲቀጠል ቋጠሮ አታድርጉ። ቋጠሮ በእጥበት ይፈታል፣ ወይም በፊት ለፊት ብቅ ይላል። የድሮውን ክር 15 ሴንቲሜትር አስቀሩ፣ የመጨረሻውን ቋሚ የመጨረሻ ስበት በአዲሱ ክር ጨርሱ፣ ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ በመርፌ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ተመልሳችሁ ወደ ሌላው፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው አሳልፉ።

ካለቀ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም መልኩ የሚወጣው እዚያ ነው። የጥጡን ዳንቴል ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ሳትጠመዝዙ በፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ጨምቁ። ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፉና በማይዝግ ስፒል መጀመሪያ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ በመካከላቸው እኩል እየወጠራችሁ ስኩት። ቆሞ እንዲቀር ከፈለጋችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ ሲበርድ ንከሩት። ስኳርም ያደርቃል፣ ግን ጉንዳን ይጠራል። የሹራብ ክሩ ሰው ሠራሽ ከሆነ የጋለ ካውያ አታሳርፉበት፦ ይለፈሰፍና አይመለስም። በበጋ የእኛ ሰፈር አቧራ ነጩን ቶሎ ስለሚያጠይም ለመስኮት አጠገብ ጠረጴዛ የቆዳ ቀለም ምረጡ።

ለሰውነታችሁም እዘኑ። ጭናችሁ ላይ ትራስ አድርጋችሁ ሥራውን ከፍ አድርጉት፣ አንገት እንዳይጎብጥ። በየግማሽ ሰዓቱ ጣታችሁን ዘርጉ። ጥቁር ክር ለቀን፣ ለበረንዳ ብርሃን ይቆይ፣ መብራት በሚጠፋበት ምሽት አትጀምሩት።

አሁን ክርና ኪሮሽ ይታደላል። ሁላችሁም 12፣ 24፣ 36 ሥሩና ጠረጴዛው ላይ ዘርጉት። በየወንበሩ እንዞራለን፤ ጠርዙ የተነሣበት ወይም የተሸበሸበበት ሳይተረትር ይጠብቀን፣ መጀመሪያ አብረን እንቆጥረው።