«ተከራዩ ዕዳህን ይከፍልልሃል»፦ ለጀማሪ አከራይ የአዲስ አበባ ስሌት

(ምስል፦ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ከሩቅ፤ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ)

ዳላስ ወይም ዋሽንግተን የሚኖር የአክስት ልጅ ያላችሁ ሁሉ ይህን ምክር ሳትሰሙት አልቀራችሁም። «ቤት ግዛና አከራየው፤ ተከራዩ የባንኩን ዕዳ ይከፍልልሃል።» ሰውየው አልዋሸም። እርሱ ባለበት አገር የቤት ብድር ለ30 ዓመት፣ በማይለዋወጥ ወለድ ይገኛል። ችግሩ ምክሩ ቦሌ ሲደርስ ስሌቱ እንደጠፋ ሻንጣ እዚያው መቅረቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሰፈር ምርጫም ሆነ ስለ ደላላ ከማውራታችን በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ እናንሣ።

(ምስል፦ ባዶ ወረቀት፤ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ይጻፋሉ)

ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም በ4 ሚሊዮን ብር ገዛችሁ እንበል። ኪራዩ በወር 20 ሺህ ብር ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ስለሆኑ የሰፈራችሁን ዋጋ አስገብታችሁ መልሳችሁ ሥሩት። በ12 ወር 240 ሺህ ብር፣ ማለትም ከገዛችሁበት ዋጋ 6 በመቶ ይሆናል። አብዛኛው ጀማሪ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

እኛ እንቀጥል። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ፣ ግድግዳው ቀለም እስኪቀባ አንድ ወር ባዶ ይሆናል፤ 220 ሺህ ቀረ። ግብር አለ። የቧንቧ፣ የቁልፍና የመብራት ጥገና አለ። ለሕንፃው ማኅበር ለጥበቃና ለጽዳት የሚከፈል መዋጮ አለ። ለእነዚህ ሁሉ 40 ሺህ እንያዝ። እጃችሁ የሚገባው 180 ሺህ፣ ማለትም 4.5 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ባንክ እንሂድ። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባንኮች ለቁጠባ ከ7 በመቶ ያላነሰ ወለድ እንዲከፍሉ አዝዞ ነበር። በዚህ ወለድ ያው 4 ሚሊዮን ብር ያለ ቧንቧና ያለ ደላላ ጣጣ በዓመት 280 ሺህ ብር ይወልዳል።

ታዲያ ሰው ለምን ቤት ይገዛል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። በባንክ የተቀመጠው 4 ሚሊዮን ብር በፊት 70 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 40 ሺህም አልሞላም። ቤት የሚገዛው ሰው ይህን ነው የሚሸሸው። የአዲስ አበባ ቤት በዋነኛነት የገንዘብ መሸሸጊያ ነው፤ ኪራዩ የጥበቃውን ወጪ ይችላል፣ ትንሽም ይተርፋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የአክስትን ልጅ ያስቀይመዋል። 4.5 በመቶ የሚያስገባ ቤት፣ ወለዱ ከዚያ በእጅጉ በሚበልጥ ብድር ከተገዛ ተከራዩ ዕዳውን ሊከፍለው አይችልም። በየወሩ ከደመወዛችሁ እየጨመራችሁ ትከፍላላችሁ። ይህን አውቆ የሚገባበት ሰው አለ፤ አልቃወመውም። ሳያውቅ የሚገባው ነው የሚያሳዝነኝ።

(ምስል፦ የግቢ በር፤ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች ሰርቪስ ክፍል)

የእኔ ምክር፣ ግቢ ያላችሁ ወይም ቤተሰቦቻችሁ ግቢ ያላቸው ከሆነ፣ ከሰርቪስ ቤት ጀምሩ የሚል ነው። አዲስ ቤት መግዛት ቀርቶባችሁ ያለውን ክፍል አድሱና አከራዩ። ቀለም፣ ጥሩ በር፣ ሽንት ቤት፣ ከተቻለም የራሱ መግቢያ። የሚገባው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም ማከራየት የሚባለውን ሙያ በርካሽ ትማሩበታላችሁ።

እኔ የተማርኩት በምጣድ ነው። የመጀመሪያዋ ተከራዬ ጨዋ ሴት ነበረች፤ ኪራይ አንድ ቀን አላሳለፈችም። እንጀራ እየጋገረች ለሱቅ እንደምታስረክብ ግን አልጠየቅኋትም፤ እርሷም አልነገረችኝም። ቆጣሪያችን አንድ ነበር። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እየናረ የሚሄድ ስለሆነ፣ የሁለት ቤት ፍጆታ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ሁለታችንንም ወደ ላይኛው እርከን ወሰደን። ሦስት ወር ተነታረክን። እርሷ «እኔ የምጋግረው በሳምንት ሁለቴ ነው» ትላለች፤ እኔ ቢሉን እያውለበለብኩ እቆማለሁ። በመጨረሻ ለክፍሏ ለብቻው የሚያነብ ቆጣሪ ሳስገባ ጠቡ በአንድ ቀን ጠፋ። ወጪው ከሦስት ወሩ ጭቅጭቅ አይበልጥም ነበር።

(ምስል፦ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፤ ማኅተሙ ጎልቶ ይታያል)

መግዛት ከቆረጣችሁ ደግሞ ከቤቱ በፊት ወረቀቱን እዩ። ቤቱን የሚያስጎበኛችሁ ደላላ ስለ መስኮቱ ብርሃን ሊነግራችሁ ይቸኩላል፤ እናንተ ካርታው በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዲሸጥ አይፈቅድም። የውርስ ቤት ከሆነ ሁሉም ወራሾች። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ለባለዕድሉ ከተላለፈ 5 ዓመት ካልሞላው መሸጥ አይቻልም፤ «በውክልና እንጨርሰዋለን» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቀብድ የያዘችውን እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ መልሱ። ውክልና ሊሻር ይችላል፤ ወካዩ ሲሞት ደግሞ አብሮት ይሞታል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። ጓሮ ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመች ወረቀት ብዙ ሰው አስለቅሳለች።

(ምስል፦ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፤ ወረፋ የያዙ ሰዎች)

ቀጥሎ ተከራይና ሕግ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የድሮውን የቃል ስምምነት ዘመን ዘግቶታል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በተቆጣጣሪው አካል ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይፈቀድም፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሚወሰነው መጠን ብቻ ነው። ለጀማሪ ትልቁ መዘዝ የመጨረሻው ነው፤ የመጀመሪያውን ዋጋ ከተሳሳታችሁ ስሕተቱ አብሯችሁ ይኖራል። የምትገዙት ቤት ከዚህ በፊት ተከራይቶ ከነበረ በስንት ብር እንደተመዘገበ ከመግዛታችሁ በፊት ወረዳውን ጠይቁ።

አንዳንድ አከራይ ውሉን በትንሽ ብር አስመዝግቦ ልዩነቱን በእጅ መቀበል ይፈልጋል። ይህ ድብብቆሽ ሥሩ ሩቅ ይመስለኛል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 «ትርፍ ቤት» ያለውን ሁሉ ሲወርስ፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ቤቱን በይፋ መናገር የሚፈራ ትውልድ አለ። ዛሬ ግን የሚጎዳው ደባቂው ራሱ ነው፤ ተከራዩ ልዩነቱን አልከፍልም ቢል ውሉ ላይ ያልተጻፈ ብር በምን ይጠየቃል?

ግብሩም አያስፈራችሁ። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ «ለ» ይታያል፤ ለግለሰብ ገቢው ሲጨምር መጣኔውም ይጨምራል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ተሻሽሏል፤ ስለዚህ ከጎረቤት የሰማችሁትን አሮጌ ሠንጠረዥ ትታችሁ አዲሱን ከገቢዎች ቢሮ ውሰዱ።

(ምስል፦ ሁለት ሰዎች በር ላይ፤ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ)

ቁልፉን የምታስረክቡበት ቀን ሲደርስ ከተከራያችሁ ጋር ክፍሎቹን ዙሩ። ግድግዳውን፣ ቧንቧውን፣ መስታወቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ከዚያ አብራችሁ የመብራቱንና የውኃውን ቆጣሪ አንብቡና ቁጥሩን ውሉ ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ምጣድ እንዳላቸውም ጠይቁ።