ቤቱ ከመሬቱ ጋር ግብግብ አይግጠም

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ግንበኞች፣ ቤት ለመሥራት ያሰባችሁ ሁሉ፣ እንደምን አደራችሁ።

ከሥሩ ማዕድን በሚወጣበት መሬት ላይ ቤት እንሥራ ሲባል አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው «መሠረቱን ጠለቅ፣ ግንቡን ወፈር» የሚል ነው። ዛሬ የመጣሁት ይህን እንድትተዉ ልለምናችሁ ነው።

የድንጋይ ከሰል ከሥር በሰፊው ሲወጣ ባዶው ቦታ ይናዳል። ላይ ያለው መሬትም እንደ ትልቅ ሳህን ይጎደጉዳል። ቤቱ እኩል ዝቅ ቢል ኖሮ ብዙም ባልተጎዳ ነበር። ችግሩ መሬቱ በሳህኑ ጠርዝ ይለጠጣል፣ በመሃሉ ይጨመቃል። ቁፋሮው ከሥሩ ሲያልፍ አንዱ ቤት መጀመሪያ ይሳባል፣ ቀጥሎ ይጨመቃል። ጡብ ደግሞ ሸክም ይችላል እንጂ መሳብ አይችልም።

እስቲ እናስላው። መሬቱ በሜትር 3 ሚሊሜትር ቢለጠጥ፣ 10 ሜትር ርዝመት ባለው ቤት ሥር 30 ሚሊሜትር ይሆናል። 40 ሜትር ሕንፃ ሥር ግን 120! ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጠር ያለ ቤት ሥሩ። ረጅም የግድ ከሆነ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ለያዩት፤ በመካከል ክፍተት ይኑር። አደራ፣ ክፍተቱ ውስጥ የወደቀ ማልታ እንዳይቀር። መሬቱ ሲጨመቅ ያቺ የደረቀች እፍኝ ማልታ ሁለቱን ግድግዳ ታጋጫለች፤ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል።

መሠረቱስ? ጠልቆ የገባ መሠረት መሬቱ ቤቱን የሚጎትትበት እጀታ ነው። ይልቅ ስስ የአርማታ ወለል አድርጉ፤ ታቹ ለጥ ያለ ይሁን፣ ፌሮ በደንብ ይግባበት። ከሥሩ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ላስቲክ አንጥፉ። መሬቱ ሲንቀሳቀስ ከቤቱ ሥር ይንሸራተታል። እንግሊዝ ውስጥ ኖቲንግሃምሻየር፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ትምህርት ቤቶች በዚህ ሐሳብ ተሠርተዋል። አጽማቸው ቀላል ብረት ነበር፤ አብሮ እንዲተጣጠፍም ስፕሪንግ ገብቶበታል።

እኛ የምንገነባው በጡብ ነው፤ መተጣጠፉን ከማልታው እንፈልገው። ማልታው ከጡቡ ጠንክሮ ከተገኘ ስንጥቁ ጡቡን ለሁለት ይከፍለዋል። ኖራ የገባበት ለስለስ ያለ ማልታ ግን ስንጥቁን በየመጋጠሚያው ይበትነዋል፤ ቀጫጭን ስለሚሆን በኋላ መሙላት አይከብድም።

የውሃና የጋዝ ቧንቧ ግድግዳ በሚያልፍበት ቦታ የሚተጣጠፍ ይሁን። የጋዙን በተለይ ችላ አትበሉ፤ የሰው ሕይወት ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ላይኛው ገጽ አጠገብ የተተወ አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ ካለ መሬቱ በድንገት ሊደረመስ ይችላል። ያኔ የነገርኳችሁ ሁሉ ቤቱን አያድነውም። እንዲህ ባለ ቦታ በመጀመሪያ መሬቱ ይመርመር፣ ባዶው ይሞላ። የመሠረት ቁፋሮ ከዚያ በኋላ ይጀመር።

አመሰግናለሁ።