ኢትዮጵያ ኮሪያ ድረስ ለምን ዘመተች? ከቃኘው ሻለቃ ጀርባ ያለው ውሳኔ

[ምስል፦ የኮሪያ ልሳነ ምድር ካርታ። 38ኛው መስመር በቀይ ተሰምሮ ይታያል።]

ተራኪ፦ ጁን 25 ቀን 1950 ገና ሳይነጋ የሰሜን ኮሪያ ጦር 38ኛውን የኬክሮስ መስመር ጥሶ ወደ ደቡብ ገባ። አሥር ወር ሳይሞላ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ወደዚሁ ጦርነት ጉዞ ጀመሩ። ኢትዮጵያ ከኮሪያ ጋር ድንበር አትጋራም። የቆየ ወዳጅነትም፣ የቆየ ቂምም አልነበራትም። ታዲያ መንግሥት ልጆቹን እዚያ ድረስ ለመላክ እንዴት ወሰነ? በማን ትእዛዝ ሥር ሊዋጉ ነው? መሣሪያውንና ስንቁንስ ማን ቻለ?

ኮሪያ ስለ ዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ስለ ቃኘው ሻለቃ ጀግንነት ብዙ ተብሏል፤ ይገባቸዋልም። ዛሬ ግን ከጦር ሜዳው ትንሽ ራቅ እንበልና ውሳኔው የተወሰነበትን መንገድ እንይ። አንድ ነገር አስቀድመን እንግባባ፦ በዚህ ቪዲዮ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

[ምስል፦ የጸጥታው ምክር ቤት ስብሰባ፤ አንድ ባዶ ወንበር]

ጦርነቱ በተጀመረበት ዕለት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት ተሰበሰበ። ሶቪየት ኅብረት አልተገኘችም። የቻይና መቀመጫ ለማን ይገባል በሚለው ውዝግብ አኩርፋ ከጃንዋሪ ጀምሮ ስብሰባ ረግጣ ወጥታ ነበር። ብትኖር ኖሮ ድምጽን በድምጽ በመሻር መብቷ ውሳኔውን ትሽረው ነበር። ስላልነበረች ግን በጁን 27 ውሳኔ ቁጥር 83 አለፈ፦ አባል አገሮች ለደቡብ ኮሪያ እርዳታ እንዲሰጡ ምክር ቤቱ ሐሳብ ያቀርባል የሚል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ውሳኔው «ሐሳብ ያቀርባል» ነው የሚለው። አያስገድድም። እያንዳንዱ መንግሥት እልካለሁ ወይም አልልክም ብሎ በራሱ መወሰን ነበረበት። በዚያ ዓመት መጨረሻ ድርጅቱ 60 አባላት ነበሩት። ተዋጊ ኃይል የላኩት 16 ብቻ ናቸው። ሕንድ ለምሳሌ የሕክምና ቡድን ልካ ተዋጊ ግን አልላከችም፤ ማንም አላስገደዳትም። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ የአየር ኃይል ቡድን ላከች። እግረኛ ጦር የላከች አንዲት አፍሪካዊት አገር ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች።

ስለዚህ የኢትዮጵያ መንግሥት መድኃኒት ወይም ገንዘብ ልኮ መተው ይችል ነበር። ለምን አልተወውም?

[ምስል፦ ጄኔቫ፣ 1936። ጃንሆይ (ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) በመናገሪያው ፊት ቆመው]

መልሱ ከ15 ዓመት በፊት ይጀምራል። በኦክቶበር 1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ሁለቱም አገሮች ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው የመንግሥታት ማኅበር አባላት ነበሩ። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንዱ አባል ሲጠቃ የተጠቃው ሁሉም ነው ይል ነበር። ማኅበሩም ኢጣሊያን ጥፋተኛ ብሎ ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ ግን ነዳጅን አልነካም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የኢጣሊያ መርከቦች ወታደርና ጥይት ጭነው በቦዩ በሰላም ያልፉ ነበር። የኢጣሊያን ታንክና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ መሆኑን ደግሞ ጄኔቫ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

በሜይ 1936 አዲስ አበባ ተያዘች። ጁን 30 ቀን ጃንሆይ ጄኔቫ ቀርበው በአማርኛ ተናገሩ። ከላይ ተቀምጠው የነበሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ማኅበሩ ሰማቸው፤ ሰምቶም በሚቀጥለው ወር ማዕቀቡን አነሳ።

ይህ ታሪክ ለዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ባለሥልጣኖች የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ አልነበረም። በስደት ያሳለፉት፣ በአርበኝነት የተዋጉበት፣ ቤተሰብ ያጡበት የራሳቸው ሕይወት ነው። ኮሪያ ስትወረር «የጋራ ደኅንነት» የሚለው ሐሳብ ለሁለተኛ ጊዜ ፈተና ላይ ወደቀ። ጄኔቫ ላይ «ለምን አልደረሳችሁልንም?» ብሎ የጠየቀ መንግሥት በ1950 «እኛን አይመለከትም» ቢል ያ ጥያቄው ምን ክብደት ይኖረው ነበር?

[ምስል፦ የ1940ዎቹ አዲስ አበባ]

ግን መርሕ ብቻ ነበር ብንል ራሳችንን እናታልላለን። ጥቅምም ነበር፤ መንግሥት ጥቅሙን ማሰቡ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

በ1941 ኢጣሊያ ከወጣች በኋላ እንግሊዞች በቶሎ አልሄዱም። በ1942 እና በ1944 የተፈረሙት ስምምነቶች ለእንግሊዝ ሰፊ ሥልጣን የሰጡ ነበሩ። ኦጋዴን በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆየ። ስለዚህ አዲስ አበባ ሌላ ወዳጅ ትፈልግ ነበር። ጃንሆይ በፌብሩዋሪ 1945 ግብጽ ላይ፣ በጦር መርከብ ላይ ሆነው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር የተገናኙት ለዚሁ ነው። አሜሪካኖች በበኩላቸው አስመራ ላይ ከ1943 ጀምሮ የሬዲዮ ጣቢያ ነበራቸው፤ ሊያጡትም አልፈለጉም።

እና ኤርትራ? «ወታደር ስለላክን ኤርትራ ተሰጠችን» የሚል አባባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። የጊዜ ቅደም ተከተሉ ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም። አብዛኛውን ኤርትራ ለኢትዮጵያ የሚሰጠው የእንግሊዝና የኢጣሊያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ የቤቪንና የስፎርዛ ዕቅድ በተባበሩት መንግሥታት ቀርቦ የወደቀው በ1949 ነው፤ ኮሪያ ገና ሰላም ሳለች። ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የሚያገናኘው የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ዲሴምበር 2 ቀን 1950 ሲጸድቅም የቃኘው ሻለቃ ገና ሥልጠና ላይ ነበር። የሻለቃው ዝግጅት የኢትዮጵያን ድምጽ አላጠነከረም ማለት ግን አይቻልም። ወታደር ለመላክ የተዘጋጀ መንግሥት ዲፕሎማቱ ሲናገር ሰው ያዳምጠዋል።

ውሳኔውስ እንዴት ተወሰነ? በቤተ መንግሥት ነው። በወቅቱ ይሠራ የነበረው የ1931 ሕገ መንግሥት ጦርነት የማወጅና የጦር ኃይሉን ልክ የመወሰን ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ይሰጥ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ዲፕሎማሲውን ያዙ። ወታደሩን የመምረጡና የማዘጋጀቱ ሥራ በጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ለሚመራው ክቡር ዘበኛ ተሰጠ። ሕዝብ በአገሩ ምክር ቤት በኩል ተከራክሮበት የጸደቀ ነገር አልነበረም። ለእኔ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። እናት ልጇ የት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ አስቀድማ የመጠየቅ ዕድል አላገኘችም።

[ምስል፦ ክቡር ዘበኞች በልምምድ ላይ]

«እንልካለን» ማለት አንድ ነገር ነው። ማድረሱ ሌላ ጣጣ አለው። በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 84 መሠረት ጦሩን የምትመራው ዩናይትድ ስቴትስ ነበረች። ዋሽንግተን ደግሞ ትንንሽ ቡድኖችን መቀበል አልፈለገችም። እያንዳንዱ አገር የሚልከው ቢያንስ 1 ሺህ ሰው ያህል እንዲሆን ጠየቀች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የብዙ አገር ትንንሽ ጓድ በአንድ ግንባር ላይ ሲበተን ማን ይመግበዋል? ማን ያስተረጉምለታል? ማንስ ከማን ጋር ተነጋግሮ ያንቀሳቅሰዋል?

ኢትዮጵያ ሻለቃ መደበች። ስሙም በራስ መኮንን የፈረስ ስም ቃኘው ተባለ። በኤፕሪል 1951 ወታደሮቹ በባቡር ጅቡቲ ወርደው በአሜሪካ መርከብ ተሳፈሩ። በዚያው ሳምንት ፕሬዚዳንት ትሩማን ጄኔራል ማክአርተርን ከዋና አዛዥነት አንሥተው ነበር። ኢትዮጵያውያኑ ፑሳን የደረሱት በሜይ መጀመሪያ ነው። የተመደቡት ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነበር።

አሁን የአጋርነቱን እውነተኛ መልክ እንይ። ሻለቃውን የመሩት ኢትዮጵያዊው ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ ናቸው። የውጊያ ትእዛዝ ግን የሚመጣው ከአሜሪካው ሬጅመንት ነው። ከዚህ ጎን ደግሞ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ የመላው የኢትዮጵያ ዘማች ጦር ኃላፊ ሆነው ተቀምጠዋል። ይህ ድርብ አሠራር የተለመደ ነው፦ አንዱ ወታደሩን ያዋጋል፣ ሌላው የመንግሥቱን ጥቅም ይጠብቃል። የአጋር ትእዛዝ ከአገር ፍላጎት ጋር የተጋጨ እንደሆነ መነጋገሪያው በር እሱ ነው።

መሬት ላይ ሲወርድ ምን ይመስላል? ሻለቃው እግረኛ ነው፤ ከባድ መድፉ የአሜሪካኖቹ ነው። ሌሊት ኮረብታ ላይ ያለ የኢትዮጵያ መቶ በጠላት ቢከበብ የሚያድነው ከኋላ የሚተኮሰው መድፍ ነው። የመቶ አዛዡ የሚያየውን በአማርኛ ይናገራል። መድፈኛው የሚሰማው እንግሊዝኛ ነው። በመካከል ቋንቋ የሚያውቅ መኮንን ሬዲዮ ይዞ ይቆማል። አንድ ቁጥር ቢሳሳት ጥይቱ የሚወድቀው በራስ ወገን ላይ ነው። በሜይ 1953 ዮክና አንክል በተባሉት ምሽጎች ላይ በተደረገው የሌሊት ውጊያ ኢትዮጵያውያኑ ቦታቸውን ያልለቀቁት በጀግንነታቸውም፣ በዚህ ሰንሰለት መሥራትም ነው።

[ምስል፦ ዋሽንግተን፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት]

ዋሽንግተን ላይስ? ወታደር የላኩ አገሮች አምባሳደሮች በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየጊዜው እየተሰበሰቡ ስለ ጦርነቱ ማብራሪያ ይሰጣቸው ነበር። ማብራሪያ ነው፤ ድምጽ መስጫ አይደለም። ትንሽ አጋር ብዙ ጊዜ ይነገረዋል እንጂ አይጠየቅም። ሆኖም ስሙ የሚያስፈልግበት ጊዜ ይመጣል። የተኩስ አቁሙ በተፈረመበት በጁላይ 27 ቀን 1953 አሥራ ስድስቱ አገሮች አንድ መግለጫ ፈረሙ። ስምምነቱ ከፈረሰ እንደገና በአንድነት እንቆማለን፣ ጦርነቱም ኮሪያ ውስጥ ላይወሰን ይችላል የሚል ነው። አስቡት፤ ይህ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ስትዋጋ ለነበረችው ቻይና የተላለፈ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ኢትዮጵያም ፈርማበታለች።

ከተኩስ አቁሙ ሁለት ወር በፊት፣ በሜይ 22፣ ኢትዮጵያና ዩናይትድ ስቴትስ ሁለት ስምምነቶች ተፈራርመዋል። በአንዱ አሜሪካ ለአስመራው ጣቢያ የ25 ዓመት መብት አገኘች። በሌላው ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና የሥልጠና እርዳታ አገኘች። ጣቢያውም ቃኘው ተብሎ ተሰየመ። እርዳታው የኢትዮጵያን ጦር ዘመናዊ አደረገው። ግን ጦሩ በአንድ አቅራቢ ላይ ተንጠለጠለ። በ1977 ግንኙነቱ ሲበላሽና ደርግ የቃኘው ጣቢያን ሲዘጋ፣ አገሪቱ ከሶማሊያ ጋር ልትዋጋ ጫፍ ላይ ሆና የመሣሪያዋን ዓይነት በሙሉ መለወጥ ግድ ሆነባት።

ዋጋውን የከፈሉት ግን ሰዎች ናቸው። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። አንድም ሰው እንዳልተማረከ ይነገርላቸዋል። ዘማቾቹ ወደ እርጅናቸው ሲጠጉ የመጣው መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት የመሠረተ ነበር፤ ኮሚኒስት የወጋ አሮጌ ወታደርን ማስታወስ አልፈለገም። መንግሥት ሲለወጥ ፖሊሲ መለወጡ ያለ ነው። በመንግሥት ትእዛዝ የዘመተ ሰው ግን ከፖሊሲው ጋር አብሮ መጣል አልነበረበትም። ይህንን ስናገር ልቤ ይቆስላል።

[ምስል፦ ኮንጎ፣ የተባበሩት መንግሥታት ሰማያዊ ምልክት የለበሱ ወታደሮች]

ከኮሪያ የተገኘው ልምድ ሰባት ዓመት ቆይቶ ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ዋለ። በ1960 ኮንጎ ስትታመስ ኢትዮጵያ እንደገና ጦር ላከች። በዚህ ጊዜ ግን ጦሩ የሚታዘዘው ለአንድ ኃያል አገር አልነበረም፤ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ነበር። ኮሪያ ላይ በአሜሪካኖች የበላይ ትእዛዝ ሥር ያገለገሉት ከበደ ገብሬም በ1962 ሌተና ጄኔራል ሆነው በኮንጎ የመላው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ሆነው ተሾሙ።