80 ፓውንድ

እንደምን አመሻችሁ። እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁት ልጆችም ጭምር፣ ከሥራ ደክማችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለ ክሪኬት ላወራችሁ ነው የቆምኩት። "ክሪኬት ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሜልበርን ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ በባቡር ሳልፍ ያንን ግዙፍ ስታዲየም፣ ኤምሲጂን፣ በመስኮት አየው ነበር። ውስጡ ምን እንደሚደረግ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ያስጠየቀኝ የልጄ ሱሪ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ነጩን ሱሪዋን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ልክተት ስል ጭኑ ላይ ረጅም ቀይ ምልክት አየሁ። ደም መሰለኝ። "የት ነው የቆሰልሽው?" ብዬ ጮህኩ። ልጄ ሳቀች። ከቦርሳዋ ኳሱን አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ቀይ ቆዳ ነው፣ ወገቡ ዙሪያውን በክር የተሰፋ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ። "ማሚ፣ አንዱን ጎን ብቻ ሱሪዬ ላይ አሸዋለሁ" አለችኝ። አንዱ ጎን ሲያብረቀርቅ፣ ሌላው ሲሻክር፣ ኳሱ አየር ላይ ይታጠፋል። መቺዋ በቀኝ ስትጠብቀው በግራ ይመጣባታል። ይህንን ስታስረዳኝ ፊቷን ብታዩት! በትምህርቷ ላይ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። የዚያን ቀን ነው ስለዚህ ጨዋታ ማንበብ የጀመርኩት።

መቼም ዱላና ኳስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገና ጨዋታ አለን። ባደግኩበት ሰፈር ወንዶቹ ሩሯን ሲያሳድዱ እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን እናጨበጭብ ነበር። ዱላውን ልያዝ ያለች አላስታውስም። እኔም አላልኩም።

አሁን ስለ አንድ ጉዞ ልንገራችሁ። የምጠራው ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ1934 መጨረሻ የእንግሊዝ ሴቶች ቡድን በመርከብ ወደ አውስትራሊያ መጣ። የሴቶች ቴስት ግጥሚያ በዓለም ላይ የተጀመረው በዚያ ጉዞ ነው። ቴስት ማለት ቀናት የሚፈጀው፣ ትልቁ የክሪኬት ግጥሚያ ነው።

ጊዜው ጥሩ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት የእንግሊዝ ወንዶች መጥተው፣ ኳሱን ሆን ብለው ወደ መቺዎቹ አካል እየወረወሩ አሸንፈው ነበር። ተጫዋቾች ተጎዱ። የሁለቱ አገር የክሪኬት ኃላፊዎች ከረር ያለ ቴሌግራም ተላላኩ። ቁርሾው ገና ሳይሽር ነው ሴቶቹ የመጡት።

ማን ላካቸው? እያንዳንዷ ተጫዋች የመርከቡን 80 ፓውንድ ራሷ ከፈለች። ከሥራዋም ለወራት ፈቃድ መውሰድ ነበረባት። ስለዚህ ቡድኑ ሲመረጥ "ማን ጎበዝ ናት?" ብቻ አይደለም የተጠየቀው። "ማን መክፈል ትችላለች? ማንስ ከሥራ ልትቀር ትችላለች?" የሚልም ነበረበት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አምበሏ ቤቲ አርችዴል ትባላለች። እናቷ ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ እስር ቤት የገቡ ሴት ነበሩ። ቤቲ ልጅ ሳለች ታጋዮቹ ለመስኮት መስበሪያ የሚወረውሩትን ድንጋይ ትለቅም እንደነበር ታስታውስ ነበር። ድንጋይ ስትለቅም ያደገች ልጅ፣ ቀይ ኳስ ይዛ ባሕር ተሻገረች።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ብሪዝበን ላይ ታኅሣሥ 28 ቀን 1934 ተጀመረ። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ታኅሣሥ 19 ቀን 1927 ሆኖ አገኘሁት፤ የቁልቢ ገብርኤል ዕለት። አገራችን ውስጥ የወልወል ግጭት ከተነሳ ገና ወር እንኳን አልሞላም። ሴት አያቴ በዚያ ወር ምን ስትሠራ እንደነበር አሰብኩ። እንጨት ስትሸከም፣ ውኃ ስትቀዳ ትሆናለች። በዚያው ቀን እነዚህ ሴቶች ነጭ ጉርድና ረጅም ነጭ ካልሲ አድርገው ሜዳ ገቡ።

ሜርትል ማክላጋን የምትባል እንግሊዛዊት ኳሱን ያዘች። 7 መቺዎችን አስወጣች። አውስትራሊያዎቹ በእሷ ኳስ ላይ ያገኙት ነጥብ 10 ብቻ ነው። አውስትራሊያ በመጀመሪያው ዙሯ በጠቅላላው 47 ነጥብ ይዛ ወጣች። በዚህ አገር ሁሉም ያለቀ መስሎት ይሆናል። ግን ከዚህ ወገን ደግሞ አን ፓልመር ተነሳችና እሷም 7 እንግሊዛውያንን በ18 ነጥብ አባረረች! እንግሊዝ ያም ሆኖ አሸነፈች። ሲድኒም ላይ አሸነፈች፤ እዚያ ማክላጋን በዱላዋ 119 ነጥብ ሠራች። በሴቶች ቴስት አንዲት ተጫዋች 100 ስታልፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ሦስተኛው እዚሁ ሜልበርን፣ እኔ በባቡር መስኮት ሳየው የኖርኩት ኤምሲጂ ላይ ነበር። ሳይሸናነፉ ተለያዩ። ከዚያ ቡድኑ ወደ ኒውዚላንድ ተሻግሮ ክራይስትቸርች ላይ ቤቲ ስኖቦል ብቻዋን 189 ነጥብ ሠራች።

የተሸነፉት የአውስትራሊያ ሴቶች አርፈው አልተቀመጡም። በ1937 በተራቸው ወደ እንግሊዝ ሄዱ። አምበላቸው ያቺው በብሪዝበን የተሸነፈችው ማርጋሬት ፔደን ነበረች። ኖርዛምፕተን ላይ በ31 ነጥብ ልዩነት አሸነፉ። ለአውስትራሊያ ሴቶች የመጀመሪያው የቴስት ድል ነው።

አሁን ወደ 80 ፓውንዱ ልመለስ። ስለነዚያ ሴቶች ሳነብ በጣም ኮራሁ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝና እንቅልፍ ነሳኝ። ያልመጡትስ? በ1934 እንግሊዝ ውስጥ ከማክላጋን የተሻለች ወርዋሪ ኖራ፣ 80 ፓውንድ አጥታ እንደሆነስ? ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ፣ ለእሁድ ብቻ ኳስ የምትይዝ ልጅ። ስሟን ማንም አልጻፈውም። መርከቡ ሲነሳ ወደብ ላይ እንኳን አልነበረችም።

ይህንን የምለው ልጅቷን ስለማውቃት ነው። እዚህ፣ በእኛው መሃል። ስሟን አልጠራም። ካቻምና ከልጄ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ነበረች። እውነቱን ልናገር፣ ከልጄ ትበልጥ ነበር። ረጅም ክንድ፣ ፀጥ ያለች፣ ስትወረውር ከመቺዋ ኋላ የተተከሉት እንጨቶች ሲበታተኑ ድምፁ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ ይሰማል። እናቷ ቅዳሜና እሁድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ፈረቃ ትገባለች። መኪና የላቸውም። የክለቡ ክፍያ ሲመጣ፣ ጫማው ሲመጣ፣ የራስ ቆቡ ሲመጣ፣ ልጅቷ ራሷ "አልፈልግም፣ ሰልችቶኛል" አለች። አልሰለቻትም። እናቷን ላለማስቸገር ነው። ልጆቻችን እንደዚህ ናቸው። ሂሳባችንን ከእኛ በፊት ያሰሉታል።

እኔም የራሴን ልጅ የመጀመሪያ ግጥሚያ አላየሁም። ሥራ ነበርኩ። ማታ ስገባ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝና እያንዳንዱን ኳስ ነገረችኝ። ያ ቀን አይመለስልኝም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት፣ በ2025፣ ጥር 30፣ ፈረቃዬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ልጄን ይዤ ኤምሲጂ ገባሁ። እንግሊዝና አውስትራሊያ፣ ሴቶች፣ ቴስት ግጥሚያ። ያ የ1934ቱ ጉዞ 90 ዓመት የሞላበት ነው። መብራቱ ሲበራ ኳሱ ሮዝ ነበር፤ በሌሊት ቀዩ ስለማይታይ ነው። ነጯ ሱሪ ላይ ሮዝ ምልክቱን ልጄ በጣቷ አሳየችኝ። ተቃቅፈን ሳቅን። አውስትራሊያ በሦስት ቀን ጨረሰቻቸው። አናቤል ሰዘርላንድ 163 ነጥብ ሠራች። በዚያ ሜዳ ላይ ሴት በቴስት 100 ስታልፍ የመጀመሪያዋ ናት። ቤዝ ሙኒ 106 ጨመረች።

እኔ ግን ዓይኔ የነበረው አላና ኪንግ ላይ ነው። ኳሱን በእጅ አንጓዋ እያሽከረከረች የምትወረውር፣ የዚህች ከተማ ልጅ ናት። ወላጆቿ ከህንድ፣ ከቼናይ የመጡ ስደተኞች ናቸው። በዚያ ግጥሚያ ብቻ 9 መቺ አስወጣች። በጠቅላላው ፍልሚያ፣ ማለትም ሁለቱ አገሮች በተከታታይ ባደረጓቸው ግጥሚያዎች፣ ደግሞ 23። የፍልሚያው ኮከብ ተባለች። አንድ ሰው ይህችን ልጅ ቅዳሜ ጠዋት በመኪና ወስዷታል። አንድ ሰው ጫማ ገዝቶላታል። እኔ ያሰብኩት ይህንን ነው።

ዛሬ ብሔራዊ ተጫዋቾች ይከፈላቸዋል። ኒውዚላንድና ህንድ በ2022፣ እንግሊዝ በ2023 የሴቶችና የወንዶችን የጨዋታ ክፍያ እኩል አድርገዋል። የለንደኑ ሎርድስ ሜዳ ባለቤት የሆነው ክለብ ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል የወሰነው በ1998 ነው። በቀጣዩ ዓመት ከመጀመሪያዎቹ አሥር የክብር ሴት አባላት አንዷ ቤቲ አርችዴል ሆነች። 91 ዓመቷ ነበር። ስትጠብቅ ግን አልተቀመጠችም። ወደ አውስትራሊያ መጥታ፣ ሲድኒ ላይ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆና ስንቱን አሳድጋለች።

ላይኛው ተስተካክሏል እንበል። ታች ግን፣ እኛ ዘንድ፣ 80 ፓውንዱ አሁንም አለ። የቤንዚን ነው፣ የጫማ ነው፣ የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዕቁብ የምንጥል፣ ዕድር ያለን ሰዎች ነን። ለቅሶ ቤት ድንኳን ለመትከል ማንም አስተምሮን አያውቅም። ለአምስት ልጆች መኪና ማግኘት አያቅተንም።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ መኪና ያላችሁ ስማችሁንና ነፃ የሆናችሁበትን ቅዳሜ የምትጽፉበት ነው። ሌላው ለክፍያና ለዕቃ የሚዋጣበት ነው። በማን ልጅ ስም እንደሚከፈል አይጻፍም፤ ልጆቹም አያውቁም። የኔን ስም ሁለቱም ላይ አስቀድሜ ጽፌአለሁ። መኪናዬ ከልጄ ሌላ ሦስት ልጅ ይይዛል።

ያቺን ፀጥ ያለችውን ልጅ እናቷን ትናንት ደውዬ አነጋግሬአታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በእኛ ሰዓት ሁለት ሰዓት ላይ በራቸው ላይ እሆናለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ባዶ ወንበር ይቀረኛል።