ሻጩ የሰብሳቢ ፈቃድ አልቀበልም ሲል

«የሰብሳቢ ፈቃድ አንቀበልም፤ የምንልከው ለነጋዴ ብቻ ነው።» አሜሪካ ውስጥ የድሮ ጠመንጃ ለጨረታ ሲቀርብ ይህ ማሳሰቢያ ብዙ ጊዜ ከታች ተጽፎ ይገኛል። የፌደራል ሕጉ ሽያጩን ይፈቅዳል። ሻጩን ግን ለማንም እንዲሸጥ የሚያስገድደው የለም፤ እምቢ ማለት መብቱ ነው። ቢሆንም እምቢታው በአብዛኛው ካለማወቅ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ሊፈታ ይችላል።

መጀመሪያ ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለየትኛው ጠመንጃ ነው? በፌደራል ሕግ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) መጨረሻ የተሠራ መሣሪያ «አንቲክ» ነው፤ ፈቃድም ፎርምም አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ ተሠርቶ 50 ዓመት የሞላው፣ እንደተሠራ ያለው ደግሞ «ሲ ኤንድ አር» ይባላል። ዓይነት 03 የሚባለው የሰብሳቢ ፈቃድ ለዚህ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ክፍያው ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። 21 ዓመት የሞላው፣ በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያመለክታል፤ ግሪን ካርድ ያላችሁም ትችላላችሁ። ፈቃዱ ካላችሁ ከሌላ ስቴት ገዝታችሁ በስማችሁ ትረከባላችሁ፤ ከነጋዴ የሚገዛ ሰው የሚሞላውን የፌደራል ፎርም 4473 አትሞሉም። ለንግድ ግን አይሆንም።

ታዲያ ሻጩ ለምን ይፈራል? ትልልቆቹ ሱቆች የኮምፒውተር ሥርዓታቸው የነጋዴ ፈቃድ ብቻ እንዲቀበል አድርገው ይሠሩታል፤ እዚያ ክርክር አያዋጣም። አንዳንዱ ደግሞ የስቴቶች ሕግ ይከብደዋል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከ03 ፈቃዱ በተጨማሪ የራሷን የብቁነት ምስክር ወረቀት ትጠይቃለች።

ዋናው ምክንያት ግን ሻጩ የጠመንጃውን ዕድሜና ይዘት በእርግጠኝነት ለይቶ አለማወቁ ነው። በዚህ አልፈርድበትም፤ ነገሩ በእውነት ያደናግራል። የቺሊን የ1895 ማውዘር ውሰዱ። «ሉድቪግ ለቨ በርሊን» የሚል ከተቀረጸበት ያለጥርጥር አንቲክ ነው፣ ምክንያቱም ፋብሪካው በዚያ ስም መሥራቱን ከ1899 በፊት አቁሟል። የፋብሪካው የኋላ ስም «ዲ ደብሊው ኤም» የሚል ከሆነ ግን መለያ ቁጥሩን ማጣራት ግድ ነው። የፊንላንዱ ኤም 39 ጠመንጃ ደግሞ ይብሳል። አፈሙዙ ላይ 1942 ተጽፎ ታያላችሁ፤ የሚቆጠረው ግን የሪሲቨሩ (መቀርቀሪያው የሚገባበት የብረት አካል) ዕድሜ ነው፣ እሱም የሩሲያ የ1890ዎቹ ሥራ ሊሆን ይችላል። ዓመቱ የሚነበበው ከሪሲቨሩ ጭራ ሥር ነው። ለዚያ ሁለቱን ብሎኖች ፈትቶ ብረቱን ከእንጨቱ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያደርግ ሻጭ ጥቂት ነው።

ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤት ወጥተው በቅርብ ዓመታት አሜሪካ የገቡትም እንዲሁ ናቸው። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩ ግራስ፣ በ1870ዎቹና በ80ዎቹ የተሠራው፣ አንቲክ ነው። ለእሱ ፈቃድ የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ በትሕትና አስረዱት። የጣሊያኑ ቬተርሊም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ቢቀየርም ሪሲቨሩ የቀድሞው ስለሆነ አንቲክ ነው። አትተኩሱበት ግን፤ መቀርቀሪያው የተሠራው ደካማ ግፊት ላለው ለጥቁር ባሩድ ጥይት ነው። የይሁዳ አንበሳ ያለበት የቤልጅግ ማውዘር ግን የ1930ዎቹ ስለሆነ ፈቃድ ይፈልጋል። እንጨቱ ለአደን ተቆርጦ፣ አፈሙዙ አጥሮ ከሆነ ደግሞ እንደተሠራ አለ ለማለት ያስቸግራል፤ እንዲህ ዓይነቱን የሚከለክል ሻጭ ትክክል ነው።

እንግዲህ ዋጋ ከማቅረባችሁ በፊት ጻፉለት። ጨረታ አሸንፋችሁ ስታበቁ ብትጠይቁ ሸክሙ የእናንተ ነው፤ የመሰረዣ ክፍያ የሚያስከፍሉም አሉ። ደብዳቤው አጭር ይሁን። ሞዴሉን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ዓመቱን ከምን እንዳወቃችሁት፣ ሻጩ ራሱ ካወጣው ፎቶ ላይ የትኛው ምልክት ይህን እንደሚያሳይ ጥቀሱ። የፈቃዱን ቅጂ በእጃችሁ ፈርማችሁ አያይዙ፤ ያልተፈረመ ቅጂ ብዙ ጊዜ የሚመለስበት ምክንያት ነው። ቅጂው ላይ ያለው አድራሻና የመላኪያው አድራሻ አንድ ይሁኑ። የፈቃዱን ቁጥር እንዲያነብም እርዱት። አራተኛው ክፍል 03 ነው። አምስተኛው የሚያበቃበትን ዓመትና ወር በአንድ አኃዝና በአንድ ፊደል ያሳያል። ፈቃዱን በሚሰጠው የፌደራል መሥሪያ ቤት በኤቲኤፍ ድረ ገጽ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስትና የመጨረሻዎቹን አምስት ምልክቶች አስገብቶ ማረጋገጥ እንደሚችልም ንገሩት።

አሁንም እምቢ ካለ አትጨቃጨቁ። የሰፈራችሁን ነጋዴ የማስተላለፊያ ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁና በእሱ በኩል ይምጣ፤ 4473 ትሞላላችሁ፣ የጀርባ ማጣሪያውን ታልፋላችሁ። ክፍያው ከርካሽ ጠመንጃ ዋጋ ጋር ሲደመር ግዢውን የማያዋጣ ሊያደርገው ይችላል፤ ያኔ ተዉት።

በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ ሲ ኤንድ አር ከሆነ ባለፈቃድ ሰብሳቢ በሚይዘው የግዢና የሽያጭ መዝገባችሁ ይግባ። ቀኑን፣ የሻጩን ስምና አድራሻ ወይም የፈቃድ ቁጥር፣ ፋብሪካውን፣ አስመጪውን፣ ሞዴሉን፣ መለያ ቁጥሩን፣ ዓይነቱንና የጥይቱን መጠን ከተረከባችሁበት ማግስት ካለው የሥራ ቀን ሳታሳልፉ ጻፉ። ስትሸጡ ደግሞ ሰባት ቀን አላችሁ። መለያ ቁጥሩን ከደረሰኙ ሳይሆን ከብረቱ ላይ አንብባችሁ ገልብጡ፣ በመቀርቀሪያውና በሪሲቨሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ይለያያሉና። ከደረሰኙ ጋር ካልገጠመ ደግሞ ለሻጩ በዚያው ቀን ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት።