የግማሿ ሙሽራ ነገር
በኮላጅ ልውውጣችን መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? እሺ።

ለመክፈቻ አምስት ደቂቃ ተናገሪ ተባልኩ። አምስት ደቂቃ ለእኔ ጉሮሮ መጥረጊያ ናት። ስለዚህ ታገሡኝ፤ ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ እጨርሳለሁ።

መጀመሪያ ምስጋና። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ጠረጴዛ ለተሸከሙልን ልጆች፣ በዚያ ሁሉ የመኪና ጭንቅንቅ ከቨርጂኒያ ሜሪላንድ ድረስ ለመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። ለአዲሶቹ ደግሞ ሥርዓቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። 12 ሰው ነን። እያንዳንዳችን 12 የኮላጅ ገጽ፣ ማለት ቁርጥራጭ እየተለጠፈ የሚሠራ ሥዕል፣ ሠርተን እናመጣለን። ከዚያ ሁሉም ከሁሉም አንድ አንድ ይዞ ይሄዳል። ርእሳችን እንደ አምናው «የድሮ ፎቶ» ነው። ፎቶው ላይ ጥለት፣ ዳንቴል፣ ቴምብር፣ የደብዳቤ ቁራጭ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ቤታችሁ ያለውን ሁሉ ጨምሩበት። ይኸው ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

አምና ከደረሱኝ ገጾች አንዷ ዓይን ታፈዝ ነበር። ቡና ውስጥ ተነክሮ የደረቀ ወረቀት፣ ዳር ዳሩን የነጠላ ጥለት፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ቢራቢሮ። የቢራቢሮዋ ራስ የሙሽራ ፊት ነው። ፀጉሯ ወደ ላይ የተቆለለ፣ የቬሎዋ አንገት ትንሽ የሚታይ፣ ከንፈሯ በእጅ ቀለም የተቀባ። ቤቴ ወስጄ ማእድ ቤት መደርደሪያ ላይ አቆምኳት። ሽንኩርት ስከትፍ አያታለሁ፣ ታየኛለች። አንድ ቀን ጥጓ ተላቀቀ። መልሼ ልለጥፍ ስል ወረቀቱ ወፈረብኝ። ገለበጥኩት። የፎቶ ወረቀት ነው። ኦሪጅናሉ! ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቀለም «ለውድ እኅቴ ለ» ይላል። ከዚያ በኋላ የመቀስ ጠርዝ ነው።

ለማን? ስሟ የቢራቢሮዋ ክንፍ ሲስተካከል ቆሻሻ ቅርጫት ገብቷል።

ለሠሪዋ ስልክ ደወልኩ። ስሟን አልጠራም። ተጣልተን ታርቀናል፤ ዛሬ ቡናውን የምታፈላልን እሷ ናት። «ከየት አመጣሻት?» አልኳት። አዲስ አበባ ሄዳ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ ካርቶን ፎቶ ገዝታለች። «12ቱንም ገጽ በኦሪጅናል ነው የሠራሽው?» «አዎ፣ እያንዳንዱ የተለየ እንዲሆን ብዬ ነው እንጂ። ኮፒ ማድረግ ስንፍና መሰለኝ።»

ስንፍና! ዛሬ ማይክ የጨበጥኩት ለዚህች ቃል ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። አጎቴ ፎቶ ቤት ነበረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቀለም ፎቶ እኛ ጋ አልደረሰም። ከትምህርት ቤት መልስ የእኔ ሥራ ቀለም መቀባት ነበር። በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ ጥቁርና ነጩን ፎቶ ጉንጩን ቀላ፣ ከንፈሩን ቀላ፣ የአንገት ሐብሉን ቢጫ አደርጋለሁ። አጎቴ «ጉንጩን አታብዢው፣ ትኩሳት ያለበት ይመስላል» ይለኛል። ግድግዳው ላይ ሐይቅና የእብነ በረድ ደረጃ ተሥሏል። ኮት ለሌለው ኮት፣ ሰዓት ለሌለው ሰዓት እናውሳለን። የማይሠራ ሬዲዮ ነበረን፤ የከተማው ወንድ ግማሹ እሱን ተደግፎ ሳይነሣ አልቀረም።

አንድ የገበያ ቀን ሁለት እኅትማማቾች መጡ። ታናሺቱ ልትዳር ነው፤ ባሏ ወዲያ ወደ አሰብ መስመር የሚሠራ ሹፌር ነው። አብረው የሚነሡ መስሎን ወንበር አጋጠምን። ታላቂቱ «የለም» አለች። «ለየብቻ አንሣን። የእሷን እኔ እይዛለሁ፣ የእኔን እሷ ትይዛለች።» ተነሡ። በሳምንቱ ሊወስዱ ሲመጡ አጎቴ ብዕሩን አንሥቶ «ጀርባው ላይ ምን ልጻፍ?» አላቸው። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። ታላቂቱ ሳቀችበት። «ምን ይጻፋል ጌታው፣ እኔም አውቃታለሁ፣ እሷም ታውቀኛለች።» አጎቴ ግን ዝም ብሎ ስማቸውንና ቀኑን ጻፈ። ከሄዱ በኋላ ለምን እንደጻፈ ጠየቅሁት። «የሚያውቁት ሲያልቁስ?» አለኝ።

ልብ በሉ፤ ልውውጥ ነበር ያ። እኛ ሳንጀምረው ተጀምሯል።

አጎቴ ሲሞት ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ኔጋቲቮቹ፣ ፎቶ የሚባዛባቸው ፊልሞች፣ በካርቶን ተሞልተው ጓዳ ተቀመጡ፤ ጣራው አፈሰሰባቸው። የፊልሙ ልባስ ጄላቲን መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ፊልም ላይም ፎቶ ወረቀት ላይም ምስሉ የሚሠራበትን የብር ማዕድን ይዞት የሚኖረው እሱ ነው። ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ይጣበቃል። አንድ ካርቶን ሙሉ ሰው አንድ ላይ ተጣብቆ እንደ ጡብ ሆነ። ስለዚህ የእነዚያ ሁለት እኅትማማቾች ፎቶ ዛሬ የትም ይሁን የት፣ ወረቀቱ ብቻ ነው የቀረው። እሱን የቆረጠ ሰው ምትክ አያገኝለትም።

እንግዲህ «እትዬ፣ ኮላጅ ማለት እኮ መቁረጥ ነው» የምትሉኝ አላችሁ። አምናም ብላችሁኛል። እሺ፣ በዚያው እንሂድ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ የመኳንንት ሴቶች ፎቶ እየቆረጡ በውኃ ቀለም ሥዕል ላይ ይለጥፉ ነበር። ዳክዬ ሥለው የሰው ራስ የቀጠሉባት አለች፤ ከቢራቢሯችን ጋር አንድ ናት። ታዲያ ያንን ሁሉ ፎቶ ከየት አመጡት? እ.ኤ.አ. በ1854 ፓሪስ ላይ ዲስዴሪ የሚባል ፎቶ አንሺ በአንድ የመስተዋት ፕሌት ላይ ብዙ ትንንሽ ፎቶ የሚያወጣበትን ዘዴ አስመዘገበ። ፎቶ ረከሰ። ሰው ለጎረቤቱ ሁሉ ያድለው ጀመር። ሴቶቹ የቆረጡት ከዚያ የተረፈውን ነው። የቆረጡትም የገዛ ዘመዳቸውን ነው፤ ስሙን ያውቁታል። በርሊን ላይ ሐና ሆኽ የምትባል ሠዓሊ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስትቆርጥ የቆረጠችው ጋዜጣና መጽሔት ነው። ኒውዮርክ ላይ ሮማሬ ቤርደን የሚባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1964 መጽሔት ቆርጦ ከለጠፈ በኋላ ሥራውን ራሱ በፎቶ አስነሥቶ አስተለቀው። እሱም ኮፒ አደረገ! ሰነፍ ነበር በሉኛ!

እኛ ደግሞ መቀስና ፎቶ አንድ ላይ ስናይ ትዝ የሚለን ሌላም ነገር አለ። አክስቴ አዲስ አበባ ትኖር ነበር። በ1969 ዓ.ም ደርግ ቤት ለቤት ሲያስስ፣ የአሰሳው ሰሞን፣ ልጇ ከአምስት የክፍል ጓደኞቹ ጋር የተነሣው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሎ ነበር። ከአምስቱ ይፈለጉ የነበሩ አሉ። ማቃጠል አልቻለችም፤ ልጇ አለበት። ማስቀመጥም አልቻለች። ሌሊት በኩራዝ የአምስቱን ፊት በምላጭ ቆርጣ አወጣችው። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ አለ። አንድ ልጅ ቆሟል፣ በዙሪያው አምስት ቀዳዳ። ከዓመታት በኋላ የአንደኛው እናት መጣች። ልጇ ከዚያ ሌላ ፎቶ አልነበረውም። «አንቺ ጋ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለቻት። አክስቴ አልበሙን ጭኗ ላይ አድርጋ መክፈት አቃታት። ስትነግረኝ ሰባ ዓመት አልፏት ነበር፤ ያን ቀን እንደ አዲስ አለቀሰች።

አክስቴ ፈርታ ነው። ቤቷ በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነበር። እኛ ምን ፈርተን ነው? ኮፒ ቤት ለመሄድ ነው የፈራነው? የአንድ ገጽ ዋጋ ነው የከበደን? በገዛ እጃችን፣ በሰላም አገር፣ ሻይ እየጠጣን የሰው እናት ፊት የምንቆርጥ እኛ ምን ሆነን ነው?

አመሰግናለሁ። ቆይ፣ አልጨረስኩም።

አሠራሩን ባጭሩ ልበለው። ፎቶውን በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉት፤ ትንሿ ጉርድ ፎቶ እንኳ እጥፍ አድጋ ጥርት ብላ ትታተምላችኋለች። በሌዘር ማሽን አሳትሙት። የቤት ኢንክጄት ማተሚያ ቀለም ውኃ ያለበት ማጣበቂያ ሲነካው ይሸሻል፤ አያቴ በሰማያዊ ፂም የቀረበት ገጽ አይቻለሁ። 12 ገጽ ነው የምትሠሩት፣ 12 ጊዜ ይታተማል፣ ኦሪጅናሉ አልበሙ ውስጥ ይተኛል። የሚያጣብቀው የላስቲክ አልበም ላይ የተያዘባችሁ ካለ በጥፍር አትፈልቅቁት፤ የጥርስ ክር ከሥሩ እያስገባችሁ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። ጀርባው ላይ ስም ስትጽፉ ለስላሳ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይሁን።

ምስል ወደ ሌላ ወረቀት የምታስተላልፉ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። የሠዓሊ ጄል (አክሪሊክ) ቀብታችሁ፣ ሕትመቱን በፊቱ ደፍታችሁ፣ ሲደርቅ ወረቀቱን በእርጥብ ጣት ስታሹት ምስሉ ተገልብጦ ነው የሚወጣው። ስታሳትሙት አስቀድማችሁ ገልብጡት። እዚህ ተወልዳ አማርኛ ማንበብ የማትችል አንዲት ልጃችን የአያቷን ደብዳቤ በዚህ ዘዴ ሠራች። ፊደሉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። አያትየው ምን አደረጉ? መታጠቢያ ቤት ገብተው በመስተዋት አነበቡት። እንደውም ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ፊደል እየቆጠረች ነው አሉ።

ስለ ማጣበቂያውና ስለ ወረቀቱ ዓይነት ሌላም ነበረኝ፤ ጊዜው አልበቃም። ጠረጴዛው ላይ ጠይቁኝ።

የቀረችኝ ሙሽራዋ ናት። ቡና የምታፈላው ወዳጃችን ካርቶኑን ይዛ መጥታለች፤ ያልተቆረጡ አሥር ፎቶዎች ቀርተዋል። አብረን ስካን አድርገናቸዋል። ሙሽራዋን ግማሽም ብትሆን ከቢራቢሮዋ ላይ አላቅቄ ከረከቦቱ አጠገብ በመስተዋት ሥር አስቀምጫታለሁ። የፎቶው አነሣስ የአዲስ አበባ ይመስለኛል፤ የፀጉር አሠራሩ 1950ዎቹ መጨረሻ። ግራ ጉንጯ ላይ ትንሽ ማርያም ስማታለች። እናቶቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ መጀመሪያ ወደዚያ ውሰዷቸው። መነጽራቸውን አስይዟቸው።